ድሬዳዋ ላይ በማኅበር ተደራጅቶ ቤት መሥራት፦ መሬቱ ከተሰጠ በኋላ ያለው ወጪ እንዴት ይታሰብ?

መምህርት ከሳቢያን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። መምህራን፣ ነርሶችና የቢሮ ሠራተኞች ሆነን በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ለመደራጀት እየተመካከርን ነው። ሁላችንም ኪራይ ላይ ነን። በሊዝ ጨረታ ከነጋዴ ጋር ተፎካክረን አናሸንፍም፤ ለዝቅተኛ ገቢ የሚመጣው ድጋፍም እኛን አይመለከትም። የቀረን አስተዳደሩ ለማኅበራት በምደባ የሚሰጠው መሬት ነው።

ከመካከላችን «መሬቱ ብቻ ይሰጠን እንጂ ሌላው ቀስ ብሎ ይሞላል» የሚል ብዙ ነው። እኔ የምፈራው ይሄንን «ሌላውን» ነው። መሬት ወስዶ መሠረት ላይ መቆም እንዳለ ሁላችንም እናያለን። በዝግ ሂሳብ የሚቀመጠው ገንዘብ እንዴት ነው የሚሠራው? ቪላ፣ ተያያዥ ቤት ወይስ ፎቅ ይሻለናል? ማኅበራት ሳያስቡት የሚመጣባቸው ወጪ የትኛው ነው? መሐል ላይ አባል ቢወጣስ? ሥራውን በቅርብ የምታውቁት ቁጥር ጠቅሳችሁ ብትመልሱልን በጣም ይጠቅመናል።

የማኅበር ሂሳብ ያዥ

እህቴ፣ የፈራሽው ትክክለኛውን ነገር ነው። አስተዳደሩ በምደባ ሲሰጥ የሚያቀልላችሁ የመሬቱን ዋጋ ነው፤ በቃ። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ 721/2004 መሬት በሊዝ የሚገኝበትን መንገድ ሁለት አድርጎ ነበር ያስቀመጠው፣ ጨረታና ምደባ። በጨረታ አሸናፊው የሚለየው ባቀረበው ዋጋና በሚከፍለው ቅድሚያ ክፍያ ስለሆነ ደመወዝተኛ መግቢያ የለውም። መንግሥት የፈቀደው የራስ አገዝ ቤት ግንባታ ግን በምደባ ከሚስተናገዱት አንዱ ነው። ትልቅ እፎይታ ነው፣ አላቃልለውም። ብሎኬቱን፣ ፌሮውንና መብራቱን ግን የሚያረክስላችሁ የለም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መሥራች ጉባኤ ይጠራል፣ መተዳደሪያ ደንብ ይጸድቃል፣ የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴ ይመረጣል፣ በኅብረት ሥራ አዋጅ 985/2009 መሠረት ምዝገባው ይፈጸማል። እያንዳንዱ አባል ነዋሪነቱን፣ የጋብቻ ሁኔታውንና በስሙም ሆነ በትዳር ጓደኛው ስም ቤት ወይም ቦታ እንደሌለው ማስረጃ ያቀርባል። ከዚያ በባንክ ዝግ ሂሳብ ይከፈታል፣ የመሬት ጥያቄው ይገባል፣ ቦታው ሲገኝ ዕጣ ይወጣል፣ የሊዝ ውል ይፈረማል፣ ሳይት ፕላንና ካርታ ይሠራል፣ ፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ ይከተላል። እዚህ ውስጥ የሚያንቀው የስም ዝርዝሩ ነው። ከተመዘገበ በኋላ ስም መቀየር እጅግ ከባድ ስለሆነ የአቅሙ ነገር የሚያጠራጥር ሰው ካለ ከምዝገባ በፊት ተነጋገሩ። ሰውየውን ላለማስከፋት ተብሎ የሚገባ ስም ኋላ ሃምሳ ሰው ያቆማል።

ዝግ ሂሳብ ማለት ከግምቱ የግንባታ ወጪ በመመሪያው የተወሰነውን መቶኛ አስቀምጣችሁ፣ በራሳችሁ ፊርማ የማታወጡት ገንዘብ ነው። የሚለቀቀው በደረጃ ነው፦ መሠረቱ ሲያልቅ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ጣሪያው ሲመታ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደረጃ የምትሠሩበት ገንዘብ ከዝግ ሂሳቡ ውጭ ሊኖራችሁ ይገባል። ብዙ ማኅበር የሚያነክሰው እዚህ ጋ ነው። አባሉ መቶኛውን ለመሙላት ከቁጠባና ብድር ይበደራል፣ ዕቁቡን ቀድሞ ያነሳል፣ ቁጥሩ ይሞላል። ቁፋሮ ሲጀመር ግን ከደመወዙ የሚቆረጥ ዕዳ ይዞ ስለሚገባ ለሲሚንቶ የሚያዋጣው የለውም። በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ከዝግ ሂሳቡ በተጨማሪ ወርኃዊ ቁጠባ ከመጀመሪያው ቀን እንዲጀመር አስገቡ።

ሌላው የግምቱ ዕድሜ ነው። ግምቱ የሚሠራው ስትመዘገቡ ነው፤ መሬቱ እስኪደርስ ዋጋው ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ፣ ሴራሚክ፣ የመታጠቢያ ዕቃ፣ ኬብል፣ አልሙኒየም፣ በድሮ ግምት አይሠራም። ፊኒሺንግ ደግሞ ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ ገደማ ነው። ግምቱን በየስድስት ወሩ አሳድሱት፤ አባሉም አዲሱን ቁጥር በጉባኤ ይስማ።

የባንክ ብድር ለምታስቡ አንድ ስሌት ልስጣችሁ። ወለዱ 16 በመቶ ነው እንበል። 1,000,000 ብር በ15 ዓመት ስትከፍሉ በወር 14,700 ብር ያህል ይመጣል። ወደ 20 ዓመት ብታራዝሙት 13,900 ብር ነው። በወር የቀነሰላችሁ 800 ብር ገደማ ሲሆን በጠቅላላው የምትጨምሩት ግን 700,000 ብር ያህል ነው። ዘመኑን ማርዘም ሸክም ያቃልላል የሚለው ነገር በከፍተኛ ወለድ ላይ እምብዛም አይሠራም። የሚያቃልለው የብድሩን መጠን ማሳነስ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚመጣው ከቤቱ ስፋት ነው። እዚያ ላይ መሐንዲሶቹ ይናገሩ።

ግንብ ቁጥጥር

አቦ፣ ስፋቱ ላይ እንግባ። ማኅበራት ሲደራጁ የሚያምራቸው ሦስት መኝታ ቪላ ነው። እኔ የምመክረው ተያያዥ ቤት ነው፤ መጀመሪያ 6 በ8 የሆነ 48 ካሬ ሙሉ በሙሉ የሚያልቅ፣ ከኋላው ለመጨመር ቦታ የተተወለት።

ለዚህ 48 ካሬ የሚገባውን ዕቃ በግርድፉ እንቁጠረው። የውጭው ዙሪያ 28 ሜትር፣ የውስጥ ክፍልፋይ 14 ሜትር፣ ቁመት 3 ሜትር ብንል 126 ካሬ ግድግዳ ነው። በርና መስኮት 16 ካሬ ቢወስድ 110 ካሬ ይቀራል። ባለ 40 በ20 ብሎኬት ከነሞርታሩ በካሬ 12 ይገባል፤ 5 በመቶ ስብራት ጨምራችሁ 1,400 ብሎኬት ያዙ። ኮንክሪቱ፦ ዘጠኝ ፉቲንግ (የኮለኑ እግር) 1 በ1 በ0.30 ሜትር ሲሆን 2.7፣ ኮለኖቹ 1.4፣ ግሬድ ቢም (ከግድግዳው ሥር የሚዞረው) 20 በ30 ሳንቲ ከሆነ 2.5፣ የላዩ ቢም 20 በ20 ከሆነ 1.7፣ የወለሉ 10 ሳንቲ ደግሞ 4.8 ሜትር ኩብ ነው። ድምሩ 13 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። ለሲ-25 (የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ ነው) በሜትር ኩብ 3.6 ኩንታል ሲሚንቶ ስለሚገባ ለኮንክሪት ብቻ ከ47 እስከ 50 ኩንታል ይፈልጋል። የግንብና የልስኑ ለብቻው ይታሰባል። ይህ ቁጥር ለንግግር መነሻ ነው እንጂ የስትራክቸር ዲዛይን አይተካም፤ የፉቲንጉን ስፋት የሚወስነው የአፈሩ ምርመራ ነው።

መሐል ላይ ያለ ተያያዥ ቤት ሁለቱን የ8 ሜትር ግድግዳዎች ከጎረቤት ጋር ይካፈላል። ግማሽ ግማሹ ሲታሰብ 24 ካሬ ግድግዳ፣ ወደ 290 ብሎኬት፣ ከዚያም የኮለንና የፉቲንግ ድርሻ ይድናል። ሁለተኛው ጥቅም ለድሬ ሙቀት ነው። ተያያዡ ጎን ምሥራቅና ምዕራብ እንዲሆን ረድፉን ካዘረጋችሁት ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ የሚያገኘው የመጨረሻውን ቤት ብቻ ነው። መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ትይዩ ሆነው ነፋሱ ያልፋል። ሳይት ፕላኑ ሲሠራ ይህንን ጠይቁ፤ ካርታ ከወጣ በኋላ አይታረምም። ኮርኒስ ሳይኖር ቆርቆሮ ሥር መተኛት ድሬ ላይ ስለማይቻል ኮርኒሱን «በኋላ» ከሚባለው ዝርዝር አውጡት።

ፎቅ? ጂ+4 መሬት ይቆጥባል፣ ለከተማውም ጥሩ ነው። ነገር ግን ሙሉ ስትራክቸሩ ሳያልቅ ማንም አይገባበትም፤ የሁሉም አባል ገንዘብ በአንድ ጊዜ መገኘት አለበት። ገቢያችሁ የተለያየ ከሆነ ይከብዳል።

አሁን የሚያበላሸውን ልናገር። ፌሮ ስትገዙ በቁጥር አትረከቡ፣ መዝኑ። ባለ 12 ሚሊ ፌሮ በ12 ሜትር ርዝመቱ 10.7 ኪሎ ያህል መመዘን አለበት። 9 ኪሎ ከሆነ በተግባር የያዛችሁት 11 ሚሊ ነው፤ ከብረቱ 16 በመቶ የለም ማለት ነው። አምስት ቤርጋ (ባለ 12 ሜትሩን ዘንግ) መርጣችሁ ሚዛን ላይ አውጡ፣ አማካዩን ጻፉ፣ ካነሰ አታውርዱ።

አሸዋው የወንዝ ስለሆነ ደለል አለው። በአንድ ግልጽ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከላይ ውኃ፣ ትንሽ ጨው አድርጋችሁ ደህና አድርጉ በጥብጡትና አስቀምጡት። አሸዋው ሥር ይረጋል፣ ደለሉ ከላይ ለይቶ ይተኛል። የደለሉ ውፍረት ከአሸዋው 6 በመቶ ካለፈ ቢያጆው ይመለስ ወይም ይታጠብ። ደለል የበዛበት ኮንክሪት ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ጥንካሬው ግን የለም።

ሲሚንቶ ሲረክስ አንስተን እናከማች የሚል ሐሳብ በየማኅበሩ ይነሳል። አታድርጉት። ሲሚንቶ ሦስት ወር ከተቀመጠ ኃይሉ በግልጽ ይቀንሳል፤ ፈቃድ ሳይወጣ የተገዛ ሲሚንቶ የባከነ ገንዘብ ነው። ፌሮና ኬብል ግን ይቀመጣል።

የኮንክሪት ሙላቱን በማለዳ ጀምሩት። ቀትር ላይ የተሞላ ኮንክሪት ግንበኛው እንዲላላለት ውኃ ይጨምርበታል፤ ለአንድ 50 ኪሎ ከረጢት ከ25 ሊትር በላይ ከገባ ጥንካሬው ወረደ። ከዚያ በጆንያ ሸፍኖ ውኃ ማጠጣት ነው፤ ሰባት ቀን ዝቅተኛው ነው፣ እንደኛ ባለ ሙቀት አሥራ አራት ብታደርጉት ይሻላል። የሚያጠጣውን ሰው ውል ውስጥ አስገቡት፣ ካልሆነ ማንም አያጠጣም።

መምህርት ከሳቢያን

እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ዓይነት መልስ ነበር የፈለግነው። ተያያዥ ቤቱ ላይ አንድ ነገር አስፈራን። ጎረቤቴ ገንዘብ ባይኖረው የኔ ግድግዳ እንዴት ይቆማል? ደግሞ የግንባታ ጊዜው ቢያልፍብንስ?

ጠበቃ ነኝ

የጋራ ግድግዳው በቃል አይሆንም። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጎራበት ማንም ሳያውቅ፣ ሁሉም አባል የሚፈርመው ስምምነት ይዘጋጅ። በስምምነቱ ውስጥ ሦስት ነገር አይቅር፦ ግድግዳውና መሠረቱ በወሰኑ መስመር ላይ በጋራ እንደሚያርፍ፣ ቀድሞ የሠራው ሰው የጎረቤቱን ግማሽ ወጪ በደረሰኝ እንደሚያስመዘግብና ጎረቤቱ ሲጀምር በወቅቱ የዕቃ ዋጋ እንደሚመልስ፣ አንዱ ፎቅ ልጨምር ቢል የሌላው ፈቃድ እንደሚያስፈልግ። ዕጣ ከወጣ በኋላ ይህንን ማስፈረም አይታሰብም፤ ሁሉም የራሱን ጎን አይቶ ነው የሚከራከረው። ከዚህም የሚሻለው መሠረቱንና ግሬድ ቢሙን ለመላው ረድፍ ማኅበሩ በአንድ ውል ማሠራቱ ነው። አባሉ ከዚያ በላይ ያለውን በአቅሙ ይቀጥላል።

ጊዜን በተመለከተ በ721/2004 ለአነስተኛ ግንባታ የተሰጠው ጣሪያ 24 ወር ነበር። ማራዘሚያ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀው ግን ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ ነው። የሊዝ ውላችሁ ላይ የግንባታው መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ጊዜ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር አንብቡ። መንገድ ያልተቆረጠለት ቦታ ከተረከባችሁ የርክክቡ ቃለ ጉባኤ ላይ «መዳረሻ መንገድና ውኃ የለውም» ብላችሁ አስጽፉ። ማራዘሚያ ስትጠይቁ የምታቀርቡት ማስረጃ እሱ ነው።

አባል ሲወጣ፦ ደንቡ ላይ የሚመለስለት ያዋጣው ገንዘብ መሆኑን፣ በስንት ጊዜ እንደሚመለስና ከተጠባባቂ ዝርዝር ማን እንደሚተካ ይጻፍ። በተረፈ «ዕጣዬን ልሽጥልህ» እየተባለ በወረቀትና በምስክር የሚደረገውን ሽያጭ ተጠንቀቁ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ዘንድ መመዝገብ አለበት። ግንባታው ግማሽ ያልደረሰ የሊዝ ቦታ ማስተላለፍ ደግሞ በሊዝ ሕጉ ራሱ የተገደበ ነው። ገዢው ከፍሎ ቤቱን ጨርሶ ኋላ ባለ ስሙ «ቤቴ ነው» ሲል ክርክሩ ዓመታት ይፈጃል፤ ሁለት ቤተሰብ ይጎዳል።

ያገባችሁ ደግሞ ልብ በሉ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ድሬዳዋ ላይ ይሠራል። በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው፤ የማይንቀሳቀሰውን መሸጥም ሆነ ማስያዝ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ባንክ ብድር ስትጠይቁ ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ፣ ካልሆነ በፊርማ እጦት ወር ይባክናል።

የኪራዩን ሕግ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ቤቱ እስኪያልቅ ግን ገንዘባችሁን የሚበላው ኪራዩ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ 1320/2016 ከአዲስ አበባ ጋር ድሬዳዋንም ይመለከታል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪው በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። ክፍያውን በባንክ አድርጉት። ያልተመዘገበ ውል ይዞ «አከራዬ ጨመረብኝ» ማለት ማስረጃ የሌለው አቤቱታ ነው። አከራዩን በሰላም አነጋግራችሁ አብራችሁ ሂዱና አስመዝግቡ፤ ምዝገባው ለሁለታችሁም ዋስትና ነው።

የከተማ ፕላን

ስለ አስተዳደሩ ድርሻ ማንም አልተናገረምና ልጨምር። መሬት በመነሻ ዋጋ መስጠት ጥሩ ጅምር ነው፤ መካከለኛ ገቢ ያለውን ሰው የሚጥለው ግን በርክክብና በአገልግሎት መካከል ያለው ክፍተት ነው። ቤት ተሠርቶ ውኃ ከሌለ ሰው አይገባበትም፤ ኪራይና ግንባታ አብሮ ይከፍላል። ማኅበር ሆናችሁ ልትጠይቁ የሚገባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ መንገዱ ተቆርጦና የውኃ መስመሩ ዋና ቱቦ ደርሶ ይሰጠን የሚለው ነው። ሁለተኛ ቢሮው ያጸደቀው አንድ ዓይነት ፕላን ለሁሉም አባል ይሥራልን የሚለው ነው። አንድ የጸደቀ ዲዛይን ሃምሳ ጊዜ ሲባዛ የዲዛይን ክፍያም የፈቃድ ምልልስም ይቀንሳል።

መብራቱን በየግል አታመልክቱ። የአዲስ ሠፈር መብራት ትራንስፎርመርና ምሰሶ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ የጠየቀው ሰው ላይ ሙሉ ወጪው እንዳይወድቅ ማኅበሩ በአንድ ማመልከቻ የሁሉንም ቤት ጭነት ደምሮ ያቅርብ። ይህ ወጪ በመጀመሪያው ግምት ውስጥ አይገባም፤ ሁልጊዜ ኋላ ነው የሚሰማው። የድሬ ውኃ ደግሞ ኖራ የበዛበት ስለሆነ የብረት ቱቦ ውስጡ ይደፈናል፤ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቱቦ) ዘርጉ፣ ለሮቶው የሚሆን መደገፊያ በስትራክቸር ዲዛይኑ ላይ ከመጀመሪያው ይታሰብ። 2,000 ሊትር ሲሞላ ሁለት ቶን ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሞራሌ ላይ አይቀመጥም።

መምህርት ከሳቢያን

የመጨረሻ ጥያቄ። ቦታውን ሲያሳዩን ምን እንመልከት? ከወንዙ ወዲያ ያለ ሜዳ ሊሆን ይችላል የሚል ወሬ አለ።

ግንብ ቁጥጥር

ሜዳ ማለት ድሬ ላይ ብዙ ጊዜ ጎርፍ የደለደለው ማለት ነው፣ ስለዚህ ቀስ በሉ። የደቻቱ ወንዝና ገባሮቹ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆነው ይቆያሉ። ውኃው የሚመጣው እዚህ ሳይዘንብ፣ ደንገጎ በኩል ካለው ተራራ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ የመጣው በሌሊት ነው። ቦታው ላይ የከረሙ አዛውንቶችን በዚያ ሌሊት ውኃው የት ድረስ እንደደረሰ ጠይቋቸው፣ ምልክቱን ፎቶ አንስታችሁ ለቢሮው በደብዳቤ አያይዙ። በወንዙ ጠርዝ ላይ የተቆረጠ አፈር ስታዩ አሸዋና ክብ ጠጠር በንብርብር ካለበት ውኃ የሄደበት መሬት ነው። ቦታ ይቀየርልን ማለት የሚቻለው ውል ከመፈረሙ በፊት ነው።

ከዚያ ሰርቬየር ይዛችሁ ሳይት ፕላኑ ላይ ያሉትን የኤክስና የዋይ ቁጥሮች መሬት ላይ አስመዝኑ። ችካሎቹ ተነቅለው ተተክለው ከሆነ የመጀመሪያው ቤት ግማሽ ሜትር ቢንሸራተት ተያያዡ ረድፍ ሁሉ አብሮ ይንሸራተታል፣ የመጨረሻው አባል መንገድ ላይ ይወጣል። ሰርቬየሩን ማኅበሩ አንድ ጊዜ ይክፈለው፤ የወሰን ድንጋዮቹን በኮንክሪት ትከሉ፣ ቁጥራቸውን በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ ሁሉም አባል ይፈርምበት።